የእማዬ ቤት አልደርቅ ያለበት ክረምት

ሐምሌ 3፣ ሰኞ

ዛሬ ሦስት ቤት። ከሦስተኛው ወጥቼ ቦት ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኬ ጮኸ። እማዬ ናት።

«ሥራ ላይ ነሽ?» አለች፣ ድምፅዋ እንደ ወትሮው።

«አሁን ጨረስኩ።»

«እንግዲያው ካልደከመሽ፣ ሲመችሽ፣ እኔም ጋ ትንሽ ውኃ አለች።»

ትንሽ ውኃ! የመንገዱ ቦይ ሞልቶ በበሩ ሥር ገብቶ፣ ሳሎኑንና የስፌት ክፍሉን አጥለቅልቆ ጉልበቴ ጋ ደርሷል። እማዬ የልብስ መቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣለች። በቀኟ የስፌት ማሽኗ፣ በግራዋ የጨርቅ ጥቅል፣ እጇ ላይ ደግሞ የተማሪ ሸሚዝ። ቁልፍ ትተክላለች! ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ያን ማሽን ብቻዋን እንዴት ወደ ላይ እንዳወጣችው ብጠይቃት ብጠይቃት አልነገረችኝም።

«ምን እየሠራሽ ነው?» ብዬ ጮህኩ።

«ታዲያ ውኃው እስኪሄድ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?»

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ውኃ የገባበትን የሰው ቤት ሳደርቅ ኖሬ፣ የእናቴ ደጃፍ ላይ ያለውን ቦይ አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ አላየሁትም። እኔን ብሎ ባለሙያ።

ሐምሌ 4፣ ማክሰኞ

ጡሩምባ ፓምፑን ይዛ በጠዋት መጣች። ጡሩምባ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ስሙን ያወጡላት ደንበኞቻችን ናቸው፤ ምስጢር የነገሯት እንደሆነ ሰፈሩ ከእሷ ቀድሞ ይሰማዋል። በጉልበት ግን ሁለት ወንድ ታስንቃለች። እስከ ምሳ ሰዓት ውኃውን መጠጥን፣ ጭቃውን ጠረግን፣ የጣውላውን ወለል በመድኃኒት አጠብን፣ የራሰውን ልስን ከወለሉ እስከ ወገባችን ድረስ ፈነቀልነው። ከዚያ ማራገቢያዎቹንና ሁለቱን እርጥበት መጣጭ ማሽኖች ተከልን። መስኮቱ ሁሉ ተዘጋ።

መስኮቱ ላይ እንደተለመደው ጦርነት።

«ቤቴን አፈናችኋት እኮ! ቤት ሳይተነፍስ ይደርቃል?»

«እማዬ፣ ውጪው ራሱ እርጥብ ነው። መስኮት ከከፈትሽ ማሽኑ የሰማዩን ውኃ ነው የሚመጠው። ሰማዩን ልናደርቀው ነው?»

«አንቺ ከተነሳሽበት ይሄም አይቀርም።»

ጎረቤቷ ምን እንደምንሠራ ስትጠይቃት በሩ ላይ ቆማ ስታስረዳ ሰማኋት። «ሰው ልብስ ያሰጣል፤ የእኔ ልጅ ቤት ታሰጣለች።»

ግድግዳውና ወለሉ ላይ አሥር ቦታ ምልክት አደረግን። በየቀኑ እዚያው ምልክት ላይ የእርጥበት መለኪያውን እየወጋን ቁጥሩን እንጽፋለን። አሥራ ስድስት ሲገባ «ደርቋል» ብለን እንፈርምና ማሽናችንን ነቅለን እንወጣለን። ሕጋችን ይኸው ነው። የዛሬው ሠላሳ አራት። ጠመኔ አጥቼ ስንከራተት እማዬ የስፌት ጠመኔዋን ሰጠችኝ። «መልሺልኝ ታዲያ» አለች።

ዕቃውን ሁሉ አወጣን፤ የመቁረጫ ጠረጴዛው ብቻ ለአራት ሰው ስለከበደ እዚያው ቀረ። እማዬን ከነማሽኗ ወደ እኔ ቤት ወሰድኳት፤ ሁለት ፌርማታ ነው።

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ቢበዛ ሦስት ሳምንት።»

«ትምህርት ቤት ሳይከፈት?»

«ኧረ ከዚያ በፊት ነው!»

የምትሰፋው የተማሪ ዩኒፎርም ነው። ዓመቱን የሚያሻግራት ይሄ ክረምት ነው። ልጆች ሊለኩ ደግሞ ሁለት ፌርማታ አቋርጠው እኔ ቤት አይመጡም። የሚያውቁት የእሷን በር ነው።

ሐምሌ 7፣ ዓርብ

ሠላሳ አንድ። ቸኩያለሁ። ዛሬ ሁለት አዲስ ቤት። አንዱ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ዝናብ ያሳበጠው ኮርኒስ ታካሚው ላይ ወርዷል። ታካሚው ቀድሞውኑ አፉን ከፍቶ ስለነበር ማን እንደጮኸ አይታወቅም አሉ።

ስገባ የቤቴ መብራት በርቶ ነበር።

ሐምሌ 11፣ ማክሰኞ

እማዬ ቤቴን ገለበጠችው። ማንኪያ የት እንዳለ አላውቅም፤ በገዛ ቤቴ «ስኳር የት ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ቁም ሳጥኔን ከፍታ ቁልፍ የጎደለውን ልብስ ሁሉ አውጥታ ተከለችልኝ። ሰባት ልብስ! «ሰው እንዲህ ሆኖ ደንበኛ ፊት ይቀርባል? እኔን ነው እኮ የምታሰድቢኝ። የልብስ ሰፊ ልጅ!»

ልጄ አግብታ ከወጣች ወዲህ እራቴን የምበላው ቆሜ ነበር፤ ድስቱን ይዤ። አሁን ቁጭ ብዬ እበላለሁ፤ በቃኝ ስል ይጨመርልኛል። ሱሪዬ አሳብቆብኛል። ከእራት በኋላ ካርታ እንጫወታለን። ታጭበረብራለች። አየሁሽ ስላት «መነጽሬ ነው» ትላለች።

ታላቅ ወንድሜ ደወለ። እሱ ያለው ሩቅ ከተማ ነው።

«እህት ዓለም፣ ያ ቤት በቃው። እማዬን እኔ ልውሰዳት። እዚህ አሳንሰር አለ፣ በረንዳ አለ፣ ምን ይጎድልባታል?»

«እማዬ ቴሌቪዥን ናት የምትወሰደው?» አልኩት። «ቤት አላት፣ ሥራ አላት። ፈቃዷን የሚጠይቃት ሰው ጠፋ?»

ጥሩ አድርጌ ነገርኩት። ስልኩን ከዘጋ በኋላም ትንሽ ተናገርኩት።

እማዬ ከክፍሏ ሆና «አትጩሂበት፤ እኔንም ጠይቆኛል» አለች። «አልመጣም አልኩት። እሺ አለኝ። አለቀ።»

ሐምሌ 20፣ ሐሙስ

አሥራ ዘጠኝ። ዝናብ፣ ዝናብ፣ ዝናብ። አንዲት የባንክ ሠራተኛ ደንበኛችን የቤቷን መስኮት ከፍታ፣ ማሽኑ ሌሊቱን ሙሉ ደመና ሲጠጣ አድሮ ቁጥሩ ወደ ላይ ወጣ። «ሙቀት ሲሰማኝ ጊዜ ነው» አለች። ምን ይባላል?

ማታ ምስር ሾርባ። ደግሜ በላሁ። ካርታውን ተሸነፍኩ።

ሐምሌ 26፣ ረቡዕ

አሥራ ስድስት። አሥሩም ቦታ።

ጡሩምባ ባዶው ክፍል ውስጥ እልልታዋን ስትለቀው ጆሮዬ ጭው አለ። «እማማ ጋ ልደውል?» ብላ ስልኳን አወጣች።

«ቆይ።»

«ምነው?»

«የእናቴ ቤት እኮ ነው። ለሌላ ሰው አሥራ ስድስት ይበቃል። የእሷ አሥራ አራት ይሁን። ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ጉልበቷን ያማታል። ነገ ሻጋታ ቢመለስ ማን ይወቀሳል?»

ጡሩምባ ስልኳን ኪሷ ከተተች። «አንቺ ታውቂያለሽ» አለች። እሷ አጭር ስትናገር ደስ አይለኝም።

ግን እውነቴን ነው፤ አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው። ሰው ለእናቱ ትንሽ ቢጠነቀቅ ምን ይባላል?

ማታ እማዬ ካርታውን እየበወዘች «ስንት ገባ?» አለችኝ።

«ትንሽ ቀረው።»

ውሸት አይደለም። ለአሥራ አራት ሁለት ይቀረዋል።

ነሐሴ 1፣ ሰኞ

አሥራ አራት። የአየር ትንበያው ግን ሳምንቱን ሙሉ ከባድ ዝናብ ይላል። በእንዲህ ያለ ሰዓት ማሽን መንቀል ብልህነት አይደለም። አሥራ ሁለት ብናደርሰው መጠባበቂያ ይሆናል።

ለእማዬ አዲስ ፍራሽ ገዛሁ። የበፊቱ መሐሉ ገብቷል፤ ወገቧን ይጎዳታል። ጡሩምባ ተሸክማ እያገዘችኝ ደረጃው ላይ ቆም አለችና «ለሦስት ቀን ፍራሽ?» አለች።

«ሦስት ቀን ነው ያለው ማነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። እኔ ፓምፕ ነኝ።»

ማታ ሳህን እያጠብኩ እማዬ ከጎረቤቷ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማሁ። ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት ነው። «ልጄማ ጎበዝ ናት። የሰውን ቤት በሦስት ሳምንት ታደርቃለች፤ የእኔ ብቻ ነው እንቢ ያላት። አይ አይ፣ ጥፋቱ የቤቱ ነው። አርጅቶብኛል፤ እንደ እኔ ውኃ አልለቅ አለ። ልጄን እንዳትነኩብኝ!»

አንዱን ሳህን ሁለት ጊዜ አጠብኩት መሰለኝ።

ነሐሴ 5፣ ዓርብ

አሥራ ሁለት። ጋሼ ግንበኛው አዲሱን ልስን መቼ እንደሚጀምሩ ሊያዩ መጡ። ከእኛ ኋላ እየተከተሉ ልስን የሚመልሱልን እሳቸው ናቸው። መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ለጠፉ፤ እሳቸው መለኪያ አያምኑም። ከዚያ ሳል ያዛቸው።

«ይሄ ግድግዳ ከጉሮሮዬ የባሰ ደርቋል» አሉ። «ምን እየጠበቅሽ ነው?»

«ትንሽ መጠባበቂያ ብዬ ነው ጋሼ።»

«ለምን? ቤቱ በረሃ ሊሻገር ነው?»

ጡሩምባ ሳቋን ለመዋጥ ብላ ፓምፑን አስነሳች። የሚመጠጥ ውኃ አልነበረም።

ሰኞ እደውልልዎታለሁ አልኳቸው።

ነሐሴ 9፣ ማክሰኞ

ሰኞ አልደወልኩም። ሥራ በዛ። አሥር።

እማዬ ሰሞኑን ቀን ቀን ትተኛለች። እሰይ፤ ዕረፍት ያስፈልጋት ነበር። አርባ ዓመት ቀን ተኝታ አታውቅም። ቁልፍ የሚተከልለት ልብሴ አልቆ የመጋረጃዎቼን ጠርዝ ፈታ መልሳ ሰፋችው። ትናንት ደግሞ ደህናውን ፎጣ ለሁለት ቆርጣ ጠርዙን ስትሰፋ አገኘኋት። «ለምንድን ነው?» ብላት «እጄ እንዳይረሳ» አለች።

በእሷ ሰፈር ጥግ ላይ አዲስ ልብስ ሰፊ ቤት ተከፈተ አሉ። ወጣት ነው፣ ማሽኑ በኤሌክትሪክ ነው፣ በር ላይ ዘፈን ይከፍታል። ጎረቤቷ ናት የነገረቻት። «ከላይ ያለችው የሦስቱ ልጆች እናት እንኳ እሱ ጋ ሄዳለች» አለች እማዬ። «ምን ታድርግ? የእኔ በር ተዘግቷል።»

«ይመለሳሉ» አልኳት።

ካርታ ስንጫወት አላጭበረበረችም። አሸነፍኳት። ደስ አላለኝም፤ ለምን እንደሆነ እንጃ። ማድረቂያ ማሽኑ አርጅቶ ይሆን እንዲህ የሚንቀራፈፈው?

ነሐሴ 13፣ ቅዳሜ

ጉዴ ፈላ።

ዛሬ ብቻዬን ነበር የሄድኩት። በሩን ስከፍት ከንፈሬ ደረቀ፤ ዓይኔን ቆጠቆጠኝ። መለኪያውን ወጋሁ። ስምንት! ስምንት የብስኩት ቁጥር ነው፤ የቤት አይደለም። ወለሉን ሳየው ጣውላዎቹ ተኮማትረው በየመሐላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት። የስፌት ክፍሉ በር ከመቃኑ ሸሽቶ መቀርቀሪያው አይደርስም።

ቆሜ ሳይ ከኋላዬ ጧ! አለ። ዘልዬ ግድግዳ ተደገፍኩ። የእማዬ የመቁረጫ ጠረጴዛ ነው። ከዳር እስከ ዳር መሐል ለመሐል ተሰንጥቋል።

አርባ ዓመት በዚህ ጠረጴዛ ላይ ቆርጣለች። እኛን አሳድጎናል ቢባል ማጋነን አይደለም። ጎርፉ አልጎዳውም። እኔ ነኝ ያደረቅኩት። በሥራዬ ጀማሪ እንኳ የማይሠራው ስህተት ነው፤ ጀማሪ ችግሩ ቶሎ መንቀሉ ነው እንጂ መቆየቱ አይደለም።

ማሽኖቹን አጠፋሁ። ቤቱ ጸጥ ሲል አልወደድኩትም።

ነሐሴ 14፣ እሑድ

ጋሼ ግንበኛውን በዕረፍት ቀናቸው ለምኜ አመጣኋቸው። እንጨትም ይችላሉ። ስንጥቁን በጥፍራቸው ከዳር እስከ ዳር ተከተሉት።

«መስኮቱን ክፈቺውና አየር ይጠጣ። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ በሙጫ አያይዤ ከሥር መወጠሪያ እንጨት እመታበታለሁ። ከእኔና ከአንቺ የበለጠ ዕድሜ ይኖረዋል።»

«ጋሼ፣ እናቴ ሳታየው ቢያልቅ…»

ቀና ብለው አዩኝ። «መቼ ነው አሥራ ስድስት የገባው?»

ነገርኳቸው።

ጣታቸውን ከስንጥቁ አነሱና «ስሚ እህቴ፣ ጠረጴዛውን እጠግነዋለሁ» አሉ። «ግድግዳውንም እለስነዋለሁ። ያንቺን ነገር ግን በምን ልለስንልሽ?»

በገዛ እጄ መስኮቱን ሁሉ ከፈትኩ። በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዬ የመጀመሪያዬ ነው፤ በዝናብ መስኮት መክፈት።

ነሐሴ 16፣ ማክሰኞ

ጠረጴዛው ተጣበቀ። ልስኑ ተጀመረ። ነገ እነግራታለሁ።

ነሐሴ 17፣ ረቡዕ

ጥርስ ሐኪሙ ጋ እንደገና ኮርኒስ። አመሸሁ። ነገ።

ነሐሴ 18፣ ሐሙስ

ነገርኳት። እንዳለ ልጻፈው።

ከእራት በኋላ ካርታውን ስታወጣ «እማዬ፣ ቤትሽ ደርቋል» አልኳት።

«እሰይ!» ብላ እጇን አጨበጨበች። ፊቷ እንዴት እንደበራ! «መቼ?»

«ጠረጴዛሽ ግን ትንሽ ተሰንጥቆ ነበር። ተጠግኗል። ድርቀቱ ትንሽ በዛበት።»

«ድርቀት እንዴት ይበዛል? ቁጥር አላችሁ አይደል?»

ይቺ ሴት ዕድሜዋን በሙሉ ስትለካ የኖረች ናት። ወገብ ሰማንያ ከሆነ ሰማንያ ነው። እሷን በቁጥር ማታለል አይቻልም፤ ከዛሬ በፊትም አታልዬያት ከሆነ ስላመነችኝ ብቻ ነው።

«መቼ ነበር አሥራ ስድስት የገባው?» አለች።

«ሐምሌ ሃያ ስድስት።»

በጣቷ ቆጠረች። ስትቆጥር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ስትጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች፣ እንደተሳሳተች ሁሉ።

«ሃያ ሁለት ቀን» አለች።

ሻጋታ አልኳት። ጉልበትሽ አልኳት። የአየር ትንበያ አልኳት። ሁሉንም ሰማችኝ። ካርታውን አስተካክላ ማሸጊያው ውስጥ ከተተችው።

«ወንድምሽ እኮ ቢያንስ ፊት ለፊት ጠየቀኝ» አለች።

ተነስታ ገባች። በሩን አልወረወረችውም። ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር።

ነሐሴ 19፣ ዓርብ

ጠዋት ስነሳ አልጋዋ ተነጥፏል። ጡሩምባ ናት የወሰደቻት፤ በእኛው መኪና፣ ከነማሽኗ። ቁርሴን ክዳን ደፍታበት ሄዳለች። ተቆጥታም ቁርስ ትሠራለች።

ጡሩምባን «እንዴት ሳትነግሪኝ?» ብዬ ጮህኩባት።

«ያለዛሬ አንድም ምስጢር ጠብቄ አላውቅም» አለች። «ሲያቃጥል ለካ እንዲህ ነው።»

ነሐሴ 23፣ ማክሰኞ

አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም። ምን ብዬ?

ከሥራ ስመለስ በእሷ መንገድ ዞርኩ። መንገዱ ስለሚቀርብ ነው። አይቀርብም። በሩ ክፍት ነው፤ የስፌት ማሽኑ ድምፅ እስከ መንገዱ ይሰማል፤ ትርርርር፣ ጸጥ፣ ትርርርር። ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ዓምና በዚህ ጊዜ ሰልፉ ቦዩን ይሻገር ነበር። ጥጉ ላይ ያለው ወጣት ቤት ግን ጢም ብሏል፤ ዘፈኑም ይጮኻል። ይመለሳሉ ብያት ነበር። ግማሾቹ አልተመለሱም። ይሄን በየትኛው መለኪያ እለካዋለሁ?

አልገባሁም። ቤቴ ስደርስ የስኳር ዕቃው እሷ ያስቀመጠችበት ቦታ ነበር። ወደ ድሮው ቦታው ልመልሰው አንስቼ መልሼ ተውኩት።

ነሐሴ 27፣ ቅዳሜ

በሩ ተንኳኳ። እማዬ!

ደህና ነሽ የለ፣ ምን የለ። የእኛን የእርጥበት መለኪያ እንደ ልብስ ሜትሯ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። ከኋላዋ ጡሩምባ ደረጃው ላይ ቆማ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

«መሣሪያዬን ለማን ነው የሰጠሽው?» አልኳት።

«ለደንበኛ» አለች ጡሩምባ።

እማዬ ሁለታችንንም አልሰማችም። ቀጥ ብላ ተኝታበት ወደነበረው ክፍል ገባች። «ያንን ቁም ሳጥን ሳቡት።» ሳብን። መለኪያውን ግድግዳው ላይ ወጋች፤ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ ዓይኗን አጠበበች።

«ሃያ አራት!»

«አይሆንም» አልኩ። ወስጄ ራሴ ወጋሁ። ሃያ አምስት። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ግድግዳው በሙሉ ጥቁር ሻጋታ። ላይኛው ቤት የሚኖሩት ሰዎች የመታጠቢያ ቧንቧ ነው፤ ውስጥ ለውስጥ ስንት ወር እንዳንጠባጠበ ፈጣሪ ይወቀው።

«ስድስት ሳምንት ተኩል!» አለች እማዬ። «ስድስት ሳምንት ተኩል እዚህ ረግረግ ላይ አስተኝታኝ ‹ጉልበትሽን ያምሻል› ትለኛለች! እኔ ደግሞ እዚያ በሄድኩ በማግስቱ የጉልበቴ ሕመም ሲለቀኝ ነው የጠረጠርኩት። የሰው ቤት እያሰጣሽ ትዞሪያለሽ፤ የራስሽ ቤት ግን ሳይጨመቅ የተሰጣ ልብስ!»

ጡሩምባ ሳቋን ለቀቀችው። እኔም ሳልፈልግ ሳቅኩ። ሳቁ መሐል ላይ ግን ወደ ለቅሶ ሊዞርብኝ ሲል ወደ ግድግዳው ዞርኩና አንድ ሌላ ቦታ ወጋሁ። ለቁጥሩ ብዬ ነው።

«እማዬ፣ ያን ቀን…»

«ተይው» አለች። «ጠረጴዛው ይቆርጣል። ስንጥቁ እንዲያውም ጠቀመኝ፤ ጨርቁን በእሱ አቀናዋለሁ።» ከዚያ መለኪያውን ከእጄ ወስዳ አንገቷ ላይ መለሰችው። «እንግዲህ ፊት ለፊት ነው የምጠይቅሽ። ይሄ ቤት እስኪደርቅ እኔ ጋ ትመጫለሽ፣ አትመጪም?»

«ሥራ አለብሽ፤ አላስቸግርሽም?»

«ታስቸግሪኛለሽ። እሱን አልጠየቅኩሽም።»

«እመጣለሁ።»

«ሻንጣሽን አሳዪኝ። ቁልፍ የጎደለው ልብስ ካለ አይገባም።»

ነሐሴ 30፣ ማክሰኞ

የምጽፈው በእማዬ የመቁረጫ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ሆኜ ነው፤ ቁጢጥ ብዬ፣ ምክንያቱም ቀሪው ጠረጴዛ ላይ የዘጠኝ ልጅ ዩኒፎርም ተዘርግቷል። ትምህርት ቤት ሊከፈት አንድ ሳምንት ቀረው። ከሥራ ስመለስ ቁልፍ የምተክለው እኔ ነኝ። ዛሬ ስድስት ተከልኩ፤ አራቱን ፈታችብኝ። «ይሄ እኮ ቁልፍ ነው እንጂ ኮርኒስ አይደለም፤ ምን አስጨነቀሽ?» ትላለች።

ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት መንታ ልጆቿን ልታስለካ መጥታ «ረዳት ቀጠሩ እንዴ?» አለቻት።

«ልጄ ናት» አለች እማዬ፣ ሜትሩን በአንደኛው መንታ ወገብ እያዞረች። «ቤት ማድረቅ ነው ሥራዋ። የራሷ ቤት ረጠበባትና እኔ አስጠጋኋት።»

ከዚያ በኋላ ለገባው ሁሉ ነገረችው። ለስድስት ሰው ስትናገር ቆጥሬያለሁ። በየሰዉ ግድግዳው እየረጠበ ሄዶ፣ ስድስተኛዋ ሴትዮ ስትመጣ ከቤቴ በመዋኘት ነው የወጣሁት። ጥጉ ላይ ካለው ወጣት ሁለት ደንበኞች ዛሬ ተመልሰዋል። ሊሰፉ ይሁን ወሬውን ሊሰሙ እንጃ፤ ተለክተው ግን ሄደዋል።

የላይኞቹ ሰዎች ቧንቧቸውን ትናንት አሠርተዋል። የእኔን ቤት ማድረቂያ ማሽኖች ዛሬ ልተክል ነበር። ጡሩምባ ሁለቱንም ጠርጋ አዘጋጅታ መኪናው ላይ ጭናልኝ ነበር። ግን የባንክ ሠራተኛዋ እንደገና መስኮት ከፈተች፤ ማሽኖቹን ለእሷ ሰጠኋት። ደንበኛ ይቀድማል። ነገ እተክላለሁ። ወይም ከነገ ወዲያ፣ ይሄ የዩኒፎርም ሩጫ ሲያልፍ።

እራት ላይ ለእማዬ ነገርኳት። «ማሽኑን ገና አልተከልኩትም» አልኩ።

በጥርሷ ክሩን በጠሰችና «አትቸኩይ፤ ሥራሽን ሥሪ» ብላ ሳህኔ ላይ ጨመረችልኝ።